ጥፋቱ የመሣሪያው ነውን?

ሰው አንድ ነገር ሲበላሽበት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያደርገው ጥፋቱን የሚያሸክመው ሌላ መፈለግ ነው። ከሥራ ያረፈደው መኪናውን ይከሳል፤ ፈተና የወደቀው መምህሩን ይከሳል፤ ወጥ ያረረባት እሳቱን ትከሳለች። የሚከሰሰው አፍ የሌለው ዕቃ ሲሆን ደግሞ ክሱ ይበልጥ ይቀላል፤ ዕቃ ቆሞ አይከራከርምና፤ «አንተስ?» ብሎም አይጠይቅምና። በዘመናችን በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የሚያገለግለን መሣሪያ እየበዛ ስለ ሄደ፣ «መሣሪያው ተበላሸ» የሚለው ቃል እንደ ታማኝ ምስክር የሚቆጠር ሆኗል። ይህን ቃል የተናገረ ሰው ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ያለቀለት ይመስለዋል።

ነገር ግን ይህ ቃል በውነት ነገሩን ይጨርሰዋልን? ሕይወት ያለው ፍጡር በእጃችን ሳለ፣ ጥበቃውን ለመሣሪያ ሰጥተን፣ መሣሪያው በተበላሸ ጊዜ ፍጡሩ ቢሞት ጥፋቱ የማን ነው? የመሣሪያው ነውን? የሻጩ ነውን? ወይስ የእኛ? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በቤቴ ሳሎን በቆመ የመስተዋት ገንዳ ፊት ሆኜ፣ ሁለት ጊዜ አፍሬ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሳላፍር አዝኜ የተማርሁት ነው። ነገሩ የትንንሽ ዓሦች ነገር ነውና ወጣት አንባቢዎቼ በመጀመሪያ ቢስቁብኝ አልቀየምም። እስከ መጨረሻው እንዲከተሉኝ ግን እለምናቸዋለሁ።

የምኖረው በአሜሪካ አገር፣ ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ በሜሪላንድ ነው። ከሥራ ስመለስ ዐይኔን የማሳርፍበት ነገር ፈልጌ 500 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ገዛሁና በውስጡ ትንሽ የባሕር ዐለት አቋቋምሁ። ይህ ተራ የዓሣ ገንዳ አይደለም። ውሃው እንደ ውቅያኖስ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለበት። በዐለቱ ላይ ኮራል ያድጋል። ኮራል ለሚያየው ሰው አበባ ወይም ድንጋይ ይመስላል፤ ነገር ግን እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ አልጌ የሚባሉ እጅግ ደቃቅ ነገሮች ይኖራሉ፤ እነርሱ ከብርሃን ምግብ ያዘጋጁለታል፤ እርሱም ማደሪያ ይሆናቸዋል። በኮራሎቹ መካከል ዓሦች፣ ቀንድ አውጣዎችና ሽሪምፖች ይመላለሳሉ።

በባሕር ውስጥ ለእነዚህ ፍጥረቶች የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ ባሕሩ ራሱ ያደርግላቸዋል። ማዕበሉ ውሃውን እየናጠ አየር ያገባበታል፤ የውሃው ብዛት ቆሻሻውን ያሳሳዋል፤ ሙቀቱም በቀንና በሌሊት እምብዛም አይለዋወጥም። በገንዳ ውስጥ ግን ባሕር የለም። በማዕበሉ ፈንታ ፓምፕ፣ በፀሐይ ፈንታ መብራት፣ በሞቃቱ አገር አየር ፈንታ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ቆሟል። ውሃው ሲተን ጨው ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ በየቀኑ ጨው የሌለበት ውሃ የሚጨምር ሌላ መሣሪያም አለ። ከእነዚህ አንዱ በቆመ ጊዜ ዓሣው ወዴት ይሄዳል? በባሕር ያለ ዓሣ ውሃው ቢሞቅበት ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ቢጎድፍበት ይሸሻል። በመስተዋት የታጠረ ዓሣ ግን መሸሻ የለውም።

መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት ይህን ሥራ የሚሠራው የሰው ክንድ ነበር። አና ቲን የምትባል እንግሊዛዊት እመቤት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1846 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ኮራል አምጥታ ለንደን ላይ በቤቷ አኖረች። (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዘመን ለቤት የሚሆን የኤሌክትሪክ ፓምፕ አልነበረምና፣ ውሃው አየር እንዲያገኝ በተከፈተ መስኮት ፊት ከዕቃ ወደ ዕቃ ይገለበጥ ነበር፤ ይህም በአንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጅ ነበር። የምትገለብጠው የቤት አገልጋይቱ ነበረች። ኮራሎቹን በሕይወት ያቆየቻቸው የዚያች አገልጋይ ክንድ ነው። እንግዲህ ዛሬ በገንዳዬ ሥር የሚሽከረከረው ፓምፕ የዚያች ሴት ክንድ ምትክ ነው ማለት ነው። ክንዱ በመሣሪያ ተተካ፤ ግዴታው ግን አልተተካም። እኔ ይህን ሳላስተውል ብዙ ጊዜ ኖርሁ።

በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር፣ በአንድ ብርዳም ሌሊት፣ ማሞቂያው ተበላሸ። ማሞቂያ የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዱ ጠፍቶ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ውሃው ቀስ እያለ ስለሚቀዘቅዝ ባለቤቱ ለመድረስ ጊዜ ያገኛል። ሌላው ግን ሙቀቱ ሲበቃ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ክፍል ተጣብቆበት ሳይጠፋ ይቀራል። የእኔም እንዲህ ሆነ። ማታ 26 ዲግሪ የነበረው ውሃ ሲነጋ 33 ደርሶ አገኘሁት። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክሲጅን ያንሳል፤ ዓሣው ደግሞ በሞቀ ውሃ ውስጥ የሚፈልገው ኦክሲጅን ይበዛል፤ ስለዚህ በሁለት በኩል ይጨነቃል። ሁለት ዓሦች ሞተው ነበር። የቀሩት ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ነበር። በሚቀጥሉት ቀኖች ኮራሎቹ እየነጡ ሄዱ፤ ሙቀት ሲጸናበት ኮራል በሥጋው ያኖራቸውን ደቃቅ ነገሮች ያስወጣቸዋልና ነጭ አጥንቱ ያሳያል።

ማሞቂያውን ይዤ ወደ ገዛሁበት መደብር ሄድሁና በቁጣ ተናገርሁ። ሻጩ ጨዋ ሰው ነበረና ሳይከራከር አዲስ ማሞቂያ ሰጠኝ፤ ይቅርታም ጠየቀኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ ልቤ ቀሎኝ ነበር። ጥፋተኛው ታውቋል፤ ይቅርታ ጠይቋል፤ እኔ ተበዳይ ነኝ ብዬ አሰብሁ።

እናቴ በዚያ ጊዜ ከጎጃም መጥታ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። ገንዳውን ቆማ ስትመለከት ቆየችና፣ «ምን ሆነው ሞቱ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ማሞቂያው ተበላሽቶ ነው፣ እማዬ» አልኋት።

«ሌሊት ማን ያያቸው ነበር?»

«ማንም አያያቸውም፤ የሚጠብቃቸው መሣሪያው ነው።»

ጥቂት ዝም ብላ፣ «ልጄ፣ በሜዳ የተለቀቀ ከብት ውሃ ቢጠማው ወንዝ ይወርዳል፤ የታሰረ ከብት ግን ወንዙ ባለቤቱ ነው። ገመዱን ያሰርኸው አንተ ነህ» አለችኝ።

ነገሩ ከነከነኝ። ስለ ኤሌክትሪክ ምን ታውቃለች ብዬ ዝም አልሁ። ሌሊት ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝና ተነሥቼ የዕቃ መደርደሪያውን ከፈትሁ። በዚያ፣ ሙቀት ከልክ ሲያልፍ የሚጮኽ ቴርሞሜትር ከነካርቶኑ ተቀምጧል። የገዛሁት ከስድስት ወር በፊት ነበር። በአንድ ትልቅ ማሞቂያ ፈንታ ሁለት ትንንሾች ማድረግ እንደሚሻል፣ አንዱ ሳይጠፋ ቢቀር እንኳ ውሃውን በቶሎ ለመቀቀል ኃይል እንደማይኖረው አንብቤ ነበር። ማሞቂያው እንቢ ቢል ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ሌላ መቆጣጠሪያ በመካከል እንደሚገባም አውቅ ነበር። ይህን ሁሉ አውቄ «ነገ» እያልሁ አሳለፍሁት። ሻጩ ማሞቂያውን ተካልኝ፤ ያሳለፍሁትን ስድስት ወር ግን ሊተካልኝ አልቻለም።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ፣ በእጃችን ባለ ሕይወት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በሦስት ከፍዬ ማየት ጀመርሁ። አንደኛው ማንም ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የማይችል ነው። ሁለተኛው ብንጠይቅ ልናውቀው የምንችለው፣ ነገር ግን ሳንጠይቅ የቀረነው ነው። ሦስተኛው እያወቅነው ነገ ያልነው ነው። የመጀመሪያው መከራ ነው፤ ሁለተኛው ስንፍና ነው፤ ሦስተኛው በደል ነው። «መሣሪያው ተበላሸ» የሚለው ቃል ሦስቱን በአንድ ከረጢት ከትቶ ሁሉንም መከራ ያስመስላቸዋል። የዚህ ቃል ክፋቱ ውሸት መሆኑ አይደለም፤ መሣሪያው በርግጥ ተበላሽቷልና። ክፋቱ፣ እውነት ሆኖ ሳለ ሌላውን እውነት መሸፈኑ ነው።

ሰው ግን አንድ ጊዜ በመማር አይጠግብም። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር አንድ ሰማያዊ ዓሣ በመደብር አየሁና ልቤን ማረከኝ። በጅራቱ ሥር እንደ ካራ የሰላ እሾህ ስላለው ፈረንጆች «ቀዳጅ ሐኪም» የሚሉት ወገን ነው። የባሕር ዓሣ የሚያኖር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሕግ አለ፤ አዲስ የመጣ ዓሣ ጤናው እስኪታወቅ ድረስ ለብቻው በሌላ ገንዳ ይቆያል። እኔ ግን ዓሣው ደኅና ይመስላል፤ ልጆቼም ሊያዩት ቸኩለዋል፤ አንድ ወር ማን ይጠብቃል? ብዬ በዚያኑ ማታ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ተረት ማወቅና በተረት መኖር ግን አንድ አይደለም።

ጥቂት ቀን ሳይቆይ በሰማያዊው ዓሣ ገላ ላይ የጨው ቅንጣት የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ወጣ፤ ከዚያም ወደ ሌሎቹ ተላለፈ። ዓሦቹ ገላቸውን ከድንጋዩ ጋር ይፈትጉ ጀመር። ይህን በሽታ የሚያመጣው ክሪፕቶካርዮን የሚባል ደቃቅ ተሕዋስ ነው፤ ስሙን በ1951 ዓ.ም. ያወጡለት ብራውን የተባሉ ተመራማሪ ናቸው። እኔ በጭንቀት ስመላለስ፣ በአምስተኛው ቀን ነጠብጣቡ ጠፋ። ዓሦቹ ነጽተው ታዩ። ደስ አለኝ። በዚያ ደስታዬም አንድ ሌላ ነገር አደረግሁ። በአቅራቢያዬ የሚኖር አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ እኔን አይቶ ትንሽ ገንዳ አቋቁሞ ነበርና፣ ኮራል ያለበት ቁራጭ ድንጋይ ልሰጠው ቃል ገብቼለት ነበር። በዚያ ሳምንት ድንጋዩን ወስጄ ሰጠሁት።

ከአሥር ቀን በኋላ ነጠብጣቡ ከበፊቱ አብዝቶ ተመለሰ። ያን ጊዜ ተቀምጬ ስለ በሽታው ማንበብ ጀመርሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ተሕዋሱ በዓሣው ቆዳ ሥር የሚቆየው ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በራሱ ጊዜ ለቆ ይወርድና በድንጋይ ወይም በአሸዋ ላይ ተጣብቆ፣ ቅርፊት ለብሶ፣ በውስጡ ብዙ ልጆች ያፈራል። ልጆቹ የሚወጡበት ጊዜ ይለያያል፤ አንዳንዱ በጥቂት ቀን ይወጣል፤ ሌላው ሳምንታት ይቆያል፤ ሊቃውንት ካዩት ረጅሙ 72 ቀን ነው። የወጡት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። እንግዲህ ነጠብጣቡ የጠፋው በሽታው ስለ ሄደ አልነበረም፤ ሊባዛ ስለ ወረደ ነው። እኔ ጤና ብዬ የተደሰትሁበት ቀን የበሽታው መራቢያ ቀን ነበር።

አንድ ወዳጄ፣ «ምን ያስጨንቅሃል? የመዳብ መድኃኒት ገንዳው ውስጥ ጨምርበትና ይለቅሃል» አለኝ። መዳብ ይህን ተሕዋስ በርግጥ ይገድለዋል። ነገር ግን የሚገድለው ከቅርፊቱ ወጥቶ ሲዋኝ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ መዳብ ለኮራል፣ ለቀንድ አውጣና ለሽሪምፕ መርዝ ነው፤ በድንጋዩ ውስጥ ከገባ በኋላም ቀስ እያለ ይወጣል። ዓሦቹን ለማዳን ብዬ ባፈስሰው የቀረውን ሁሉ በገደልሁ ነበር። እጄ ጠርሙሱ ላይ እንደ ነበረ አልሸሽግም። የተጨነቀ ሰው ከመቀመጥ ይልቅ ማናቸውንም ነገር ማድረግ ይቀለዋል፤ የሠራ ስለሚመስለው። ነገር ግን ሳያውቁ በቸርነት መሥራትና በክፋት መሥራት ለተጎጂው አንድ ናቸው። መድኃኒት በማያውቅ እጅ መርዝ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ረጅምና አሰልቺ ነበር። ዓሦቹን አንድ በአንድ አጥምጄ፣ ድንጋይና ኮራል ወደሌለበት ሌላ ገንዳ ወስጄ፣ መዳቡን በዚያ መስጠት ነበረብኝ። መጠኑ ጥብቅ ነው፤ እኔ በሰጠሁት በመዳብ ሰልፌት ሲሆን ለአንድ ሊትር ውሃ የአንድ ሚሊግራም አምስተኛ ያህል ነው። ከዚያ ካነሰ ተሕዋሱን አይነካም፤ ከዚያ ከበለጠ ዓሣውን ይጎዳል። ስለዚህ በየቀኑ መለካት ያስፈልጋል። ትልቁ ገንዳ ደግሞ በውስጡ የቀረው ተሕዋስ አዳሪ አጥቶ እንዲያልቅ 76 ቀን ያለ ዓሣ ቆየ። ከሰባቱ ዓሦች አራቱ ዳኑ። ሰማያዊው ዓሣ አልዳነም።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። ለወጣቱ የሰጠሁት ድንጋይ ነው። ተሕዋሱ በድንጋይ ላይ እንደሚጣበቅ ባነበብሁ ጊዜ ልቤ ቀዘቀዘ። ስልኩን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥሁት። ራሴን እንዲህ ስል አባበልሁት፤ ምናልባት በዚያ ድንጋይ ላይ የለ ይሆናል፤ ቢኖርም ከየት እንደ መጣ አያውቅም፤ እርሱም ራሱ ከመደብር ዓሣ ገዝቷል። ሦስቱም ነገር እውነት ሊሆን ይችል ነበር። አስተውሉ፤ ሕሊና የሚታለለው ብዙ ጊዜ በውሸት አይደለም፤ እውነት ሊሆን በሚችል ነገር ነው። በማሞቂያው ጊዜ ጥፋቴን በመሣሪያ ሸፈንሁት፤ አሁን ደግሞ በ«ምናልባት» ልሸፍነው ነበር።

በማግስቱ ደወልሁለት። ነገሩን ሁሉ ነገርሁት፤ ሳልለይ መቀላቀሌን፣ ሳላጣራ መስጠቴንም። ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ የእኔዎቹም ከትናንት ጀምሮ ነጥብ ነጥብ ብሎባቸዋል፤ ምን እንደ ሆነ ግራ ገብቶኝ ነበር» አለኝ። ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች ነበሩት። አንዱ ሞተ፤ ሌላው ከእኔዎቹ ጋር ታክሞ ዳነ። የሞተውን ዋጋ ልክፈልህ ብለው፣ «ዋጋውስ ይቅር፣ ጋሼ። ቶሎ ባይነግሩኝ ኖሮ ሁለቱም አይተርፉም ነበር» አለኝ። እርሱ ይቅር ብሎኛል። እኔ ግን ያችን ያሳለፍኋትን አንድ ሌሊት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። እውነት መናገር ከጉዳት በኋላ የሚሰጥ ጌጥ አይደለም፤ ሳይዘገይ ሲነገር ራሱ መድኃኒት ነው።

ሦስተኛው ነገር የሆነው በ2012 ዓ.ም. ሰኔ 29 ቀን ነው። በዚያ ቀን ዋሽንግተን ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ማታ ደሬቾ የሚባለው ኃይለኛ ዐውሎ ነፋስ ከምዕራብ መጥቶ አገሩን መታው፤ ዛፎችን ገነደሰ፤ በዋሽንግተንና በዙሪያው ባሉት ክፍላተ ሀገር ከሚሊዮን በሚበልጡ ቤቶች መብራት ጠፋ። በእኛ ቤት ለአራት ቀን አልተመለሰም። ፓምፕ ሲቆም በገንዳ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያልቃል፤ በሙቀት ቀን ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል።

በዚህ ጊዜ ግን «ነገ» ያልሁት ነገር አልነበረም። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠሩ ሁለት የአየር መንፊያዎች ተዘጋጅተው ነበር። ፓምፕ ሲቆም ውሃው በቧንቧው ተመልሶ ወለሉን እንዳያጥለቀልቅ በቧንቧው ላይ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ በስቼ ነበር። በማቀዝቀዣው ውስጥ በጠርሙስ የቀዘቀዘ ውሃ ነበረኝ፤ በረዶውን ከነጠርሙሱ እያንሳፈፍሁ ሙቀቱን አቆየሁት። በሁለተኛው ሌሊት ባትሪው ሲያልቅ መደብሮች ሁሉ ባትሪ ጨርሰው ነበር። ያን ጊዜ እኔና ሚስቴ፣ ልጆቼም ጭምር፣ በየተራ ጆግ ይዘን ውሃውን እየቀዳን ከላይ እናፈስሰው ጀመር። የዚያች የለንደን አገልጋይ ሥራ ወደ እኛ ተመለሰ። እናቴ የንጋቱን ተራ ለእኔ ስጡኝ አለች። «በዚህ ሰዓት ላም ሳልብ ነው የኖርሁት» አለችን፤ ወንበር አስጠግታም ተቀመጠች።

በአራተኛው ቀን መብራት መጣ። ኮራሎቹ ተርፈዋል። ከዓሦቹ ግን አንዱ፣ በበሽታው ጊዜ የዳነው አሮጌው፣ በዚያው ቀን ጠዋት ሞቶ አገኘነው። አዘንሁ፤ ግን አላፈርሁም። በዚያ ጊዜ ነበር ኀዘንና ጸጸት ሁለት መሆናቸውን ያወቅሁት። በጥር ወር ስለ ሞቱት ስናገር ድምፄ ከፍ ይል ነበር፤ ሻጩን እከስስ ነበር፤ ብዙ ምክንያት እደረድር ነበር። ስለዚህ አንዱ ግን ምንም ምክንያት መደርደር አላስፈለገኝም። የሚገባውን ያደረገ ሰው ማንንም ሳይከስስ ማዘን ይችላል። የሚገባውን ያላደረገ ግን ኀዘኑ እንኳ ንጹሕ አይሆንለትም።

አንዳንድ ሰው፣ «ይህ ሁሉ ነገር ለጥቂት ዓሦች ነውን?» ይላል። የነገሩ ትንሽነት ግን ሚዛኑን አይለውጠውም። ዓሣ አይከስስም፤ ለጎረቤት አይናገርም፤ ለፍርድ አይቀርብም። ስለዚህ ማንም በማይጠይቀን ስፍራ እንዴት እንደምንሆን የሚታይበት ነው። ሌላው ደግሞ፣ «እንዲህ ከሆነ ቀድሞ ነገር ከባሕር ማውጣት ለምን አስፈለገ?» ይላል። ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ባለ ገንዳ ሁሉ ራሱን ሊጠይቀው ይገባል። በመደብር ከሚሸጡት የባሕር ዓሦች የሚበዙት ዛሬም ከባሕር የሚጠመዱ ናቸው፤ እንደ ብርቱካንማው ክላውን ዓሣ ያሉት ግን በሰው እጅ የሚራቡ አሉ። እኔ አሁን ከእነዚህ በቀር አልገዛም። ሊጠብቅ የማይችል ሰው ባይጀምር ይሻለዋል፤ የጀመረ ሰው ግን «ባልጀመርሁ» ማለት አያድነውም።

ደግሞም ነገሩ በገንዳ ብቻ የሚቀር አይደለም። ባሕሩ ራሱ እየሞቀ ነው። ኮራል በብዙ ውቅያኖሶች በአንድነት የነጣበት ጊዜ በ1998፣ በ2010 እና ከ2014 እስከ 2017 ዓ.ም. ታይቷል፤ አራተኛውም በ2023 ዓ.ም. መጀመሩን ሊቃውንት አስታውቀዋል። ባሕሩ ሲሞቅ ዓሣው ወደ ጥልቁ ይወርዳል ብዬ ነበር፤ ከቦታው የማይነቀለው ኮራል ግን ወዴት ይወርዳል? በዚያች በጥር ሌሊት በቤቴ የሆነው ነገር በትልቁ ገንዳ እየሆነ ነው። ለዚያ ገንዳ ደግሞ ማሞቂያውን ለውጦ የሚሰጠን ሻጭ የለም።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ! ከእናንተ አንዱ ነገ ሐኪም ይሆናል፤ በሽተኛው የሚተነፍሰው በመሣሪያ ይሆናል። አንዱ ሾፌር ይሆናል፤ የአርባ ሰው ሕይወት በፍሬኑ ላይ ይንጠለጠላል። አንዱ አባት፣ አንዷም እናት ትሆናለች። በእያንዳንዳችሁ እጅ፣ ወደ ሌላ ወንዝ ሊወርድ የማይችል አንድ ፍጡር ይኖራል። መሣሪያው አንድ ቀን እንደሚበላሽ ከወዲሁ እወቁት፤ የማይበላሽ መሣሪያ ከሰው እጅ አልወጣምና። ጥያቄው ይበላሻል ወይስ አይበላሽም አይደለም። ጥያቄው በተበላሸ ጊዜ እናንተ የት ትገኛላችሁ? ነው።

እናቴ አሁን በሕይወት የለችም። ገንዳው ግን አለ። የሚጮኸው ቴርሞሜትር ከካርቶኑ ወጥቶ በጎኑ ተሰቅሏል። ማታ ከመተኛቴ በፊት እርሱን አየዋለሁ፤ ከዚያም እርሱን አላምንምና ጣቴን ውሃው ውስጥ ነክሬ እመለከታለሁ።